ጎንደርና እስራኤል፦ የወጣቱ ገንዘብ ወዴት ይሄዳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ የወጣቶች እቁብ ጸሐፊ ነኝ፣ የአክስቴ ልጆች ደግሞ እስራኤል ናቸው፤ እጣ በምናወጣበት ቀን ሁሉ የምጠየቀውን ከነመልሱ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ለምን ከእስራኤል ጋር? ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ጋር ብታወዳድር አይሻልም ነበር?

ጎንደር ስለሆንን ነው። ከወለቃ፣ ከአምቦበር፣ ከየገጠሩ የወጡ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ዛሬ እዚያ ናቸው። በ1977 በሱዳን በኩል የሄዱ አሉ። በግንቦት 1983 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወስዷል። ከዚያ ወዲህም በየጊዜው ሲሄዱ ኖረዋል፤ ገና ተራ የሚጠብቁም እዚሁ ከተማችን ውስጥ አሉ።

ስለዚህ ወሬው የሚመጣልን በስልክ ነው። የአንድ አያት ልጆች፣ እኩያሞች፣ አንዱ እዚህ አዘዞ ሌላው እስራኤል ነታንያ ሆነው ስለ ገንዘብ ሲያወሩ ይጣላሉ። እዚህ ያለው እዚያ ያለውን ንፉግ ይለዋል። እዚያ ያለው እዚህ ያለውን አባካኝ ይለዋል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ።

እዚህ ጎንደር የወጣቱ ገንዘብ ምን ላይ ነው የሚያልቀው?

አንድ ሰው እንውሰድ። በዲግሪ ተመርቆ መንግሥት መሥሪያ ቤት የገባ ልጅ ነው። ከመስከረም 2018 ወዲህ መነሻ ደመወዙ 11,500 ብር ነው። የሥራ ግብር 2,100 ብር ይቆረጣል። ጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 805 ብር ይሄዳል። እጁ የሚገባው 8,595 ብር ነው። ሌላ መዋጮ ካለበት ከዚህም ይወርዳል። መንግሥት ቤት ያልገባውስ? ለግል ሠራተኛ በአገር ደረጃ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ ካፌ የምትሠራው ልጅ ወይም ጋራዥ የሚውለው ልጅ የሚያገኘው እንደ አሠሪው ነው።

ከዚያ ምን ይመጣል? የአንድ ክፍል ኪራይ፣ ምሳ፣ ከማራኪ ወይም ከአዘዞ ፒያሳ የሚያመላልሰው ባጃጅ፣ የኢንተርኔት ጥቅል። እነዚህን ሁሉም ይቆጥራቸዋል። የማይቆጠረው ሰው ላይ የሚወጣው ነው። ለእናት አስቤዛ፣ ለታናሽ እህት ደብተር፣ ለእድር፣ ለለቅሶ፣ ለአራስ ጥየቃ፣ ከገጠር ለሕክምና ለመጣ አጎት ትራንስፖርት። ወሩ መጨረሻ ላይ «ብሩ የት ገባ?» የሚል ልጅ ሲገጥመኝ ወረቀት ላይ አብረን እንጽፈዋለን፤ ብዙ ጊዜ ትልቁ መስመር የሰው መስመር ሆኖ ይወጣል።

ካፌ ውስጥ ሒሳብ ሲመጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ። አራቱም እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። «በእግዜር፣ ዛሬ በእኔ ነው!» ይባባላሉ። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ደግሞ ፍልሚያው ስልክ አውጥቶ ቀድሞ መክፈል ሆኗል። ቀድሞ የከፈለው ልጅ እስከ ወር መጨረሻ በእግሩ እንደሚሄድ እያወቀ ነው የሚከፍለው። ይሄን አባካኝነት ልለው አልችልም። ነገ እሱ ሲቸግረው የሚደርሱለት እነዚያው ሦስቱ ናቸው።

እዚያስ? ሸቀሉ ምን ላይ ያልቃል?

ኪራይ ላይ። ከዚያ አርኖና የሚሉት የከተማው የቤት ግብር አለ፤ ባለቤቱ ሳይሆን ተከራዩ ነው የሚከፍለው። ከዚያ የሕንጻው የጋራ መዋጮ፣ መብራት፣ ውኃ፣ ስልክ። ዕቃ ሲገዙ የሚከፍሉት ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ 18 በመቶ ነው፤ የእኛ 15 ነው።

አንድ እዚህ የማንገምተው ወጪ መኪና ነው። ከዓርብ ከሰዓት እስከ ቅዳሜ ምሽት፣ ሰንበት ስለሆነ፣ በአብዛኛው ከተማ አውቶቡስ የለም። ወጣቱ የሚያርፈውና ዘመድ የሚጠይቀው ደግሞ ያኔ ነው። ስለዚህ መኪና ይገዛል። ቀረጡ ከባድ ነው፣ ለወጣት ሾፌር ኢንሹራንሱም ይወደዳል። ፎቶውን አይተን «መኪና ገዛ!» የምንለው ልጅ እዳ ገዝቶ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ልዩነት ወጪው ስምና ቀን ያለው መሆኑ ነው። ካርዱን ወሩን ሙሉ ይስባል፤ የወሩ 2ኛው ወይም 10ኛው ቀን ሲደርስ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከባንክ ይወሰዳል። እዚህ ወጪያችን ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ «እስኪ ሳምንት ቆየኝ» ሲሉት ይቆያል። እዚያ ወጪያቸው ውል ነው። ውል አይቆይም። እኔ በሁለቱ ወጣቶች መሀል የማየው ዋናው ልዩነት ይሄ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

ደመወዛቸውን በብር ስመታው ሀብታም ናቸው። ልክ ነኝ?

አይደላችሁም። ሸቀሉን በብር መምታት አንድ ችግር አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አለፈ። ያኔ ብዙ ሰው ዘመዱ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሀብታም የሆነ መሰለው። የዘመዱ ደመወዝ ግን አንድ ሸቀል አልጨመረም። ኪራዩም ያው ነው።

የተሻለው መለኪያ ሰዓት ነው። «ስንት ሰዓት ሠርቶ ነው የሚገዛው?» ብላችሁ ጠይቁ። እስራኤል ውስጥ ዝቅተኛው ደመወዝ በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. በወር ለ182 ሰዓት 6,247 ሸቀል ተብሎ ተቆርጦ ነበር። በሰዓት 34 ሸቀል ገደማ ነው። የእኛው ተመራቂ በሳምንት 39 ሰዓት ሠርቶ በወር 8,595 ብር ካገኘ በሰዓት 51 ብር አካባቢ ይደርሰዋል። አሁን እናወዳድር። ጫማ እዚያ 340 ሸቀል ነው እንበል፤ ተቀናሹን ሳንነካ የ10 ሰዓት ሥራ ነው። እዚህ 4,000 ብር ነው እንበል፤ ወደ 80 ሰዓት ይጠጋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማለት ነው። ስልክ ላይ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል።

ምሳ ላይ ስንደርስ ግን ይጠብባል። እዚህ ሽሮ 150 ብር ቢሆን ሦስት ሰዓት ነው። እዚያ ምግብ ቤት ገብቶ 60 ሸቀል ቢከፍል ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ፀጉር መቆረጥም እንደዚያው ነው። ከፋብሪካ ወጥቶ ድንበር የሚሻገር ዕቃ ለእነሱ በጣም ይረክሳል፤ የሰው ጉልበት ያለበት ነገር ግን ለእነሱም ውድ ነው። ለዚህ ነው የአክስቴ ልጅ ጥሩ ጫማ አድርጋ ምሳዋን ከቤት በሳህን ቋጥራ የምትሄደው። ፎቶው ላይ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው።

ከሁለቱ ወጣቶች የትኛው ነው የበለጠ የሚቆጥበው?

እዚያ ያለው ሳይጠየቅ ይቆጥባል። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ከደመወዙ 6 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው 6.5 በመቶ ይጨምርለታል፣ በዚያ ላይ ለአገልግሎት ካሳ 6 በመቶ ያስቀምጥለታል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ለእያንዳንዱ ልጅ በየወሩ ትንሽ ገንዘብ በስሙ ያስቀምጣል፤ 18 ሲሞላው ይደርሰዋል። ወጣቱ ስለ ቁጠባ ምንም ሳያስብ እንኳ የሆነ ቦታ የተጠራቀመለት አለ ማለት ነው። እኛ ጋር ጡረታ አለ፣ ሠራተኛው 7 አሠሪው 11 በመቶ፤ ግን ይሄ የሚነካው በደመወዝ የተመዘገበውን ብቻ ነው። የባጃጁ ሾፌር፣ የሊስትሮው ልጅ፣ ቅዳሜ ገበያ ልብስ የምትሸጠው ልጅ ከዚህ ውጭ ናቸው።

ታዲያ የእኛ ልጅ አይቆጥብም? ይቆጥባል፣ በብር ግን አይደለም። የባንክ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ በነበረበት በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ያን ዓመት ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ጨዋ ልጅ ከሰረ፣ ብሎኬትና ቆርቆሮ የገዛው አተረፈ። ስለዚህ ደመወዙ እንደገባ ወርቅ ቤት የምትሄደውን ልጅ «እጇ ላይ ገንዘብ አይቆይም» አትበሏት። ቀለበቱ ባንኳ ነው።

እቁብ ይሻላል ወይስ የእነሱ «ታሽሉሚም»?

ታሽሉሚም ማለት በካርድ ከፋፍሎ መክፈል ነው። ፍሪጅ ትገዛለህ፣ ሻጩ «በስንት ላድርግልህ?» ይልሃል፣ በ6 ወይም በ10 ወር ትለዋለህ፣ ብዙ ሱቅ ወለድ አይጨምርም። ዕቃውን ዛሬ ትወስዳለህ። እቁብ ግን እጣ ነው። የእኛ 30 ሰው ነን፣ በሳምንት 500 ብር እንጥላለን፣ የደረሰው 15,000 ብር ያነሣል። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። በ30ኛው ሳምንት የሚደርሰው ደግሞ ያለ ወለድ አስቀመጠ።

ሒሳቡ ብቻውን ከታየ ታሽሉሚም ይመቻል። ችግሩ መደራረቡ ነው። የፍሪጁ፣ የስልኩ፣ የአውሮፕላን ትኬቱ፣ የሶፋው ትንንሽ ክፍያ ተደምሮ በዚያ በ10ኛው ቀን ይመጣል። ባንኩ ውስጥ ከሌለ «ሚኑስ» ውስጥ ይገባሉ፤ ያለህን ጨርሰህ በባንኩ ገንዘብ መኖር ማለት ነው፣ ወለድ ያስከፍላል። ሚኑስ ውስጥ ዓመታት የቆዩ ዘመዶች አሉኝ። ለማንም አይናገሩም።

ስለ እቁብ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፒያሳ አካባቢ አንድ ቡና ቤት እንሰበሰባለን። ስሞቹን እጥፍጥፍ አድርጌ ብርጭቆ ውስጥ እከታለሁ፣ የቡና ቤቷ ባለቤት ልጅ ታወጣለች። አምና አንድ ፀጉር አስተካካይ አባላችን እናቱ ሆስፒታል ገቡ። ብርጭቆው ሳይነካ ዳኛው ቆመው «የዛሬው ለእሱ ይሁን?» አሉ። አንድ ሰው አልተቃወመም። ካርድ እናትህ መታመሟን አያውቅም። እዚያ ያሉት የእኛ እናቶች ይሄን ስለሚያውቁ ነው እስራኤል ድረስ እቁባቸውን ይዘው የሄዱት፤ ባንክ በየመንገዱ ባለበት አገር ዛሬም በመካከላቸው እቁብ ይጣላል።

እቁብ አደጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ቀድሞ አንሥቶ የሚጠፋ አለ፣ እኛም ደርሶብናል። ዋስ ሳይዝ ማንም አያንሣ። በቴሌግራም ብቻ የምታውቁት ሰው የሚሰበስበው «እቁብ» ውስጥ ደግሞ በፍጹም አትግቡ።

እስራኤል ያሉት 18 ዓመት ሲሞላቸው ወታደር ይሆናሉ። ያኔ ገንዘብ ከየት ያገኛሉ?

ወንዶቹ ሁለት ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ፣ ሴቶቹ ሁለት ዓመት ያህል ያገለግላሉ። የሚከፈላቸው የኪስ ገንዘብ ነው፣ ደመወዝ ሊባል አይችልም። ብዙዎቹ ዕረፍት ሲወጡ የሚያርፉት ወላጆቻቸው ጋር ነው። ሲጨርሱ ግን የሚሰጣቸው አለ። አንዱ እንደፈለጉ የሚያደርጉት ነው። ሌላው፣ ፒካዶን የሚሉት፣ ለትምህርት፣ ለቤት፣ ለሠርግ፣ ለንግድ ወይም ለመንጃ ፈቃድ ተብሎ የተቆለፈ ነው፤ አምስት ዓመት ካለፈ ይለቀቃል።

ብዙ ወጣት ከዚህ በኋላ ጥቂት ወር ሠርቶ ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ደቡብ አሜሪካ ይዞራል። ከዚያ መጥቶ ነው ዩኒቨርሲቲ የሚገባው፤ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንኳ በዓመት ከ10 ሺህ ሸቀል በላይ ይከፍላል። የእኛ ልጅ በ22 ዓመቱ ተመርቆ ሥራ ሲፈልግ፣ እኩያው እዚያ ገና ትምህርት ሊጀምር ነው። በዕድሜ ስናወዳድር ይሄን እንርሳው ካልን ሁሉም ነገር ይዛባል።

ለበዓልና ለሠርግ የበለጠ የሚያወጣው ማነው?

ለበዓል እኛ ነን፤ አላፍርበትም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ለጎንደር ልጅ ተረት ብቻ አይደለም። ታኅሣሥ ሲገባ የልብስ ሰፊዎቹን ደጃፍ እዩት። የየሰፈሩ ወጣት ተቧድኖ አንድ ዓይነት ጨርቅ ያስመርጣል፣ መዋጮ ይሰበስባል፣ ጥለቱ ላይ ይከራከራል። ጥር 10 ታቦታቱን አጅበው ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ያ ልብስ ሰውነታቸው ላይ ነው። አምና ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ሰፊው ዘንድ ሄጄ ነበር። ቀሚሷን ለብሳ መስታወቱ ፊት ቆመች፤ እናቷ እጅጌውን ቀና አድርገው ዝም ብለው አዩዋት፣ ከዚያ መቀነታቸውን ፈትተው የጎደለውን ከፈሉ። ልጅቷ ለዚያ ቀሚስ አራት ወር ቆጥባለች። ዓመት ሙሉ ሥራና ሐሳብ ውስጥ የምትውል ልጅ በዓመት አንድ ቀን ማማር አለባት፣ እኔ እንደዚያ ነው የማምነው።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም ሠርግ በሠርግ ላይ ነው። እዚህ ላይ ግን እከራከራለሁ። ለሚዜነት የሚወጣው ሱፍ፣ ጫማ፣ የመኪና ኪራይ፣ ቪዲዮ መብዛቱ ልክ አይደለም። በአንድ ጥር ሦስት ጊዜ ሚዜ ሆኖ እስከ ሰኔ እዳ የከፈለ ልጅ አውቃለሁ።

እዚያ ሠርጉ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ በሰው ቁጥር ይከፈላል። ተጋባዡ ዕቃ አያመጣም፣ ፖስታ ውስጥ ገንዘብ አድርጎ ነው የሚመጣው፣ ቢያንስ የበላበትን የሚሸፍን። የእኛ ሰው ደግሞ ዘመዱ ብዙ ነው። በበጋቸው ወራት የሠርግ ጥሪ ሲደራረብ የአክስቴ ልጅ የፖስታውን ገንዘብ ከኪራዩ እኩል ነው የምታስበው። ለቅሶ ሲሆንም ከከተማ ከተማ ትሄዳለች። ሰው ላይ የሚወጣው ገንዘብ ባሕር ቢሻገሩም አልቀረላቸውም፤ የውሉ ወጪ ላይ ተደረበባቸው እንጂ።

እስራኤል ያለውን ዘመዴን ስልክ ላክልኝ ስለው «የለኝም» ይለኛል። ውሸቱን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። ከላይ ያልኩትን አስቡት፦ ደመወዙ ሲገባ ኪራዩ፣ አርኖናው፣ የመኪናው፣ የታሽሉሚሙ ተቆጥሮ አልቋል። የቀረው ላይ አንተ ብቻ አይደለህም የምትጠይቀው። ያንተን ጥያቄ በሰማበት ሳምንት ሌላ አጎት፣ ሌላ ጎረቤት፣ የአበ ልጅ ልጅ ሁሉ ደውለውለታል።

እኔም አንድ ጊዜ ጠይቄ አውቃለሁ። የአክስቴ ልጅ ላከችልኝ። ደስ አለኝ። ከዓመት በኋላ ነው ያን ስልክ በ12 ወር ክፍያ ገዝታው እንደነበር ከእናቷ የሰማሁት። የእሷ ስልክ መስታወቱ ተሰንጥቆ ነበር፣ በቪዲዮ ስናወራ አይቼዋለሁ፣ ምንም አልመሰለኝም። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ጠይቄ አላውቅም። መጠየቅ ካለባችሁ ለትምህርት ወይም ለሕክምና ይሁን፣ መጠኑን ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሯቸው፣ ቀን ስጧቸው። «የቻልከውን» የሚለው ቃል ነው የሚያስጨንቃቸው፤ ምን ያህል ቢልኩ እንደማታዝኑ አያውቁም።

ታዲያ ለጉብኝት ሲመጡ ለምን ገንዘብ ይረጫሉ?

ስለምንጠብቃቸው ነው። ቦሌ ሲወርዱ ጀምሮ ስንት ዓይን እንደሚያያቸው ያውቃሉ። ባዶ እጁን የመጣ ዘመድ ስሙ ለዓመታት ይነሣል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ያጠራቀሙትን በሦስት ሳምንት ይጨርሱታል፤ እኛ ደግሞ ያንን ሦስት ሳምንት አይተን የዓመት ሙሉ ኑሯቸው ይመስለናል።

ያቺው የአክስቴ ልጅ ስትመጣ ጎርጎራ ወስደናት ነበር። ጣና ዳር ዓሣ በላን፣ 11 ሰው ነበርን። ሒሳቡን ማንም እንዲነካ አልፈቀደችም። ማታ ቤት ስንገባ ስልኳን ከፍታ የባንኳን ገጽ አሳየችኝ። የመጣችበት ትኬት በ10 ተከፍሎ ነበር፤ ሁለተኛው ክፍያ ገና መውጣቱ ነው። ስምንት ይቀራታል። «እናቴ እንዳትሰማ» አለችኝ። በማግስቱ ቁርስ እኔ ከፈልኩ። እሷ ኪሷን ስትነካ እጇን ያዝኳት፣ ሳቀች፣ ተወችው። ዘመዳችሁ ሲመጣ ቢያንስ አንድ ቀን እንዲህ አድርጉ።

ለመሄድ ተራ እየጠበቅሁ ነው። እዚህ መቆጠብ ወይም ሥራ መጀመር ምን ይረባኛል?

ከሁሉም የሚከብደኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ጎንደር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ የጠበቁ ቤተሰቦች አሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የእስራኤል መንግሥት የቀሩትን ለመውሰድ ወሰነ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በጀመረው «ጹር እስራኤል» በተባለው ዘመቻም ወደ ሁለት ሺህ ሰው ወሰደ፣ ግን ሁሉም አልሄደም። በመጠበቅ ውስጥ ተወልደው ያደጉ ልጆች አሉ። «ነገ እሄዳለሁ» ብሎ የሚኖር ሰው ገንዘቡን የሚያወጣበት መንገድ ከሁለቱም አገር ወጣት ይለያል። አልጋ አይገዛም። ሱቅ አይከፍትም። ረጅም እቁብ አይገባም። ከዘመድ የሚላከውን በዕለቱ ይጨርሳል፣ ምክንያቱም ለየትኛው አገር እንደሚያስቀምጥ አያውቅም።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። መሬትና ቤት ውስጥ አትግቡ፣ እውነት ነው፣ ጥላችሁት ለመሄድ ይከብዳችኋል። ግን የ10 ሳምንት እቁብ አለ፣ የ30ው አያስፈልጋችሁም። ገንዘቡን ሙያ ላይ አውሉት፤ ልብስ ስፌት፣ ፀጉር፣ የኤሌክትሪክ ሥራ፣ ዕብራይስጥ። ዕቃ ከገዛችሁ ለሌላ ሰው ወዲያው ሊሸጥ ወይም ሊተላለፍ የሚችል ይሁን። ጥሪው ነገ ከመጣ የሚቀርባችሁ ጥቂት ነው፤ ካልመጣ ደግሞ እየሠራችሁ ትኖራላችሁ።

ከእቁባችን አንዷ 14 ዓመት ጠብቃለች። ባለፈው ዓመት እጣ ሲደርሳት ሦስት ቀን ስታስብ ቆየች፣ ከዚያ ያገለገለ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ገዛች። ተራዋ ከመጣ ለታናሽ እህቷ ትተወዋለች፣ አስተምራታለች። ካስኩ አሁን ማራኪ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ዓርብ ከሰዓት ብትሄዱ ወንበር አታገኙም፤ ቅዳሜ ስለማትሠራ ሰው ሁሉ ዓርብ ነው የሚመጣው።